ሜጋ ማን 9 (የቪዲዮ ጨዋታ)

ሜጋ ማን 9 የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ ከኢንቲ ክሪዬትስ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ያቀረበው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በጃፓን ሮክማን 9 በሚል ስም ይታወቃል። ጨዋታው የአክሽን ፕላትፎርመር ዓይነት ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ ገጸ ባሕሪውን ከጎን እያየ፣ ከአንዱ ወለል ወደ ሌላው እያዘለለ፣ በመንገዱ ላይ ያሉትን ጠላቶች እየተኮሰ የሚሄድበት ጨዋታ ማለት ነው። የወጣው በኒንቴንዶ ዊ፣ በፕሌይስቴሽን 3 እና በኤክስቦክስ 360 ላይ በኢንተርኔት በሚወርድ መልክ ነበር።

ጨዋታው በሁለት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛው መልኩና ድምፁ ሆን ተብሎ እንደ 1980ዎቹ ባለ 8-ቢት ጨዋታ መሠራቱ ነው። ሁለተኛው ከባድነቱ ነው። ይህ ከባድነት ከደረጃዎቹ አቀማመጥ፣ ከተሸነፉ ቦሶች ከሚወሰዱት መሣሪያዎችና ከቦሶቹ ውጊያ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ አንዱን ለብቻው ነጥሎ ማየት ያስቸግራል። በአጭሩ፣ ጨዋታው ከእጅ ፍጥነት ይልቅ ማወቅን ይሸልማል፤ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ የሚያልፈውን ቦታ የማያውቅ ሰው ደጋግሞ ይሞትበታል።

መነሻ

የተከታታዩ የመጀመሪያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን ለፋሚሊ ኮምፒውተር ወጣ። ይህ መሣሪያ ከጃፓን ውጭ ኒንቴንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም የሚባለው ነው። ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1988 ተከተለ። እስከ ስድስተኛው ክፍል ድረስ ያሉት ሁሉ በዚሁ መሣሪያ ላይ የወጡ ሲሆን፣ ሰባተኛው በሱፐር ፋሚኮም፣ ስምንተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በፕሌይስቴሽን ወጡ። ስምንተኛው ክፍል በወቅቱ የነበረውን ቴክኖሎጂ ተከትሎ ብዙ ቀለምና እንደ ካርቱን ፊልም ያሉ ትዕይንቶች ነበሩት።

ዘጠነኛው ክፍል ከስምንተኛው በኋላ 12 ዓመት ቆይቶ ሲመጣ ወደፊት መሄዱን ትቶ ወደኋላ ተመለሰ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ኬጂ ኢናፉኔ ነበር፤ እርሱም ከመጀመሪያው ጨዋታ ጊዜ ጀምሮ በካፕኮም ሠዓሊ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ኢንቲ ክሪዬትስ ደግሞ ቀድሞ በካፕኮም ይሠሩ በነበሩ ሰዎች የተመሠረተና ከዚህ በፊት የሜጋ ማን ዜሮ ተከታታይን የሠራ ድርጅት ነው።

ለአርአያነት የተመረጠው በተለይ ሁለተኛው ክፍል ነው። ለዚህም ሲባል በኋላ የተጨመሩ ሁለት ችሎታዎች ከዋናው ገጸ ባሕሪ ተወሰዱ። አንዱ በሦስተኛው ክፍል የመጣው በመሬት ላይ መንሸራተት ነው። ሌላው በአራተኛው ክፍል የመጣው ቁልፉን ተጭኖ በመቆየት ትልቅ ጥይት ማጠራቀም ነው። በዘጠነኛው ክፍል ሜጋ ማን የሚያውቀው መሄድ፣ መዝለልና መተኮስ ብቻ ነው።

የ8-ቢት መልክና አሠራሩ

የድሮው የኒንቴንዶ መሣሪያ ጥብቅ ገደቦች ነበሩት። ስክሪኑ 256 በ240 ነጥብ ብቻ ነበር። ተንቀሳቃሽ ምስሎች ስፕራይት ከሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ይሠራሉ፤ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ከ64 በላይ ስፕራይት መያዝ፣ በአንድ አግድም መስመር ላይ ደግሞ ከ8 በላይ ማሳየት አይችልም። አንድ ስፕራይት ከሦስት ቀለም በላይ አይኖረውም። በአንድ መስመር ላይ ብዙ ጠላት ሲሰበሰብ የተረፉት ስለማይታዩ ፕሮግራመሮች ምስሎቹን በየተራ ያሳዩ ነበር። በድሮ ጨዋታዎች ላይ ምስሎች ብልጭ ድርግም የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሜጋ ማን 9 የወጣባቸው መሣሪያዎች ይህ ችግር የለባቸውም። ስለዚህ የጨዋታው ቁጠባ የግዴታ ሳይሆን የምርጫ ነው። አዘጋጆቹ ብልጭታውን ጭምር የሚመልስ አማራጭ በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ አስቀምጠዋል።

ቁጠባው ለአጨዋወቱ የራሱ ጥቅም አለው። ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ጥቂት ስለሆነ አደገኛው ነገር የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታያል። እሾህ እሾህ ነው፤ ጥይትም ጥይት ነው። ተጫዋቹ ሲሞት ምን እንደገደለው ለማወቅ አይቸገርም።

ታሪክ

በዶክተር ላይት የተሠሩ ስምንት ሮቦቶች በድንገት ከተማ ማጥፋት ይጀምራሉ። ዶክተር ዋይሊ በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥፋቱ የላይት መሆኑን ይናገራል። በዚህም የተነሳ ላይት ይያዛል። ሜጋ ማን የፈጣሪውን ስም ለማጥራት ይነሳል።

በኋላ እንደሚታወቀው ሮቦቶቹ የአገልግሎት ዘመናቸው አልቆ ሊወገዱ የተቃረቡ የሥራ ሮቦቶች ነበሩ። ዋይሊ ከመወገድ አድናችኋለሁ ብሎ አታልሏቸዋል። በመሆኑም ተጫዋቹ የሚዋጋቸው ቦሶች ከክፋት ይልቅ በፍርሃት የተነሱ ናቸው።

አጨዋወት

ተጫዋቹ ሲጀምር የስምንቱ ሮቦቶች ፊት በሰንጠረዥ ይቀርብለታል። ከየትኛውም መጀመር ይችላል። እያንዳንዱ ሮቦት የራሱ ደረጃ አለው፤ በደረጃው መጨረሻ ላይ ቦሱ ራሱ ይጠብቃል። ቦሱ ሲሸነፍ መሣሪያው የተጫዋቹ ይሆናል። ስምንቱ ካለቁ በኋላ የዋይሊ ምሽግ ይከፈታል።

የሜጋ ማንም ሆነ የቦሶቹ የጉልበት መለኪያ 28 መስመሮች አሉት። የእያንዳንዱ ልዩ መሣሪያ ጉልበትም በተመሳሳይ መለኪያ ይታያል። መደበኛው መሣሪያ ሜጋ ባስተር ጉልበት አይፈጅም፤ ይሁን እንጂ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ጥይት ስክሪኑ ላይ ሊኖር አይችልም። ጥይት የሳተ ሰው ጥይቱ ከስክሪኑ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ ዝም ብሎ ከመተኮስ ይልቅ ቀርቦ አነጣጥሮ መተኮስ ይሻላል፤ መቅረብ ደግሞ አደጋ አለው።

ራሽ የተባለው የሮቦት ውሻ ረዳት ነው። በአንድ መልኩ ጀርባው ላይ ያለው ስፕሪንግ ሜጋ ማንን ወደ ላይ ያስፈነጥራል። በሌላ መልኩ ደግሞ በአየር ላይ ተሳፍረው የሚሄዱበት ይሆናል።

ከባድነቱ

የከባድነቱ ምንጮች

የጨዋታው ከባድነት ከጥቂት ቀላል ሕጎች ይመነጫል።

፩. እሾህ መንካትና ገደል መግባት ጉልበት ሙሉ ቢሆንም ወዲያው ይገድላሉ።

፪. ሜጋ ማን ሲመታ ወደኋላ ይገፋል። ጉዳቱ ራሱ ትንሽ ቢሆንም ግፊቱ ወደ ገደል ሊከተው ይችላል። በዚህ ምክንያት ከገደል አጠገብ የቆመ ደካማ ጠላት በሜዳ ላይ ከቆመ ብርቱ ጠላት ይልቅ አደገኛ ነው።

፫. የዝላዩ ከፍታ ቁልፉ ተጭኖ በሚቆይበት ጊዜ ልክ ይወሰናል። ጣሪያው እሾህ በሆነበት ቦታ ረጅም ዝላይ እንደ አጭር ዝላይ ሁሉ ይገድላል።

፬. ተጫዋቹ ያለው የመሞከሪያ ዕድል የተቆጠረ ነው። በደረጃው ውስጥ ሲሞት ካለፈው የመመለሻ ነጥብ ይቀጥላል። ዕድሉ ሲያልቅ ግን ደረጃውን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

መንሸራተት መቅረቱ እነዚህን ሕጎች ያጠብቃቸዋል። በኋለኞቹ ክፍሎች ተጫዋቹ ከቦስ ሥር ሾልኮ ማለፍ ይችል ነበር፤ እዚህ ግን በላዩ መዝለል ወይም ቦሱ እስኪዘል መጠበቅ አለበት።

የደረጃዎቹ ወጥመዶች

እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ የሆነ ዋና ወጥመድ አለው። በስፕላሽ ዉማን የውሃ ደረጃ ተጫዋቹ በአረፋ ተሳፍሮ በእሾህ መካከል ወደ ላይ ይወጣል። በጁዌል ማን ዋሻ ውስጥ ከእሾህ በላይ የሚወዛወዙ ዥዋዥዌዎች አሉ። በቶርኔዶ ማን ደረጃ ነፋስና ዝናብ ዝላዩን ይገፉታል። በጋላክሲ ማን ደረጃ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያሻግሩ በሮች አሉ። በማግማ ማን ደረጃ የእሳት ጅረት በድንገት እየፈሰሰ መንገዱን ይዘጋል። በፕላግ ማን ደረጃ ደግሞ በተከታታዩ ውስጥ የታወቁት ብቅ ጥልቅ የሚሉ ብሎኮች ይገኛሉ።

ብሎኮቹ የጨዋታውን አስተሳሰብ በደንብ ያሳያሉ። አንዱ ብሎክ ይታያል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ ሌላው በሌላ ቦታ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ቀጣዩ የት እንደሚወጣ አያውቅምና ይወድቃል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ በዕድል የሚወሰን አይደለም፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቆሞ ሁለት ሦስት ዙር የተመለከተ ሰው ድምፁን እንደ ምት ቆጥሮ ሊሻገር ይችላል። እዚህ ላይ የሚፈተነው የጣት ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትም ነው።

ጠላቶችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ጠላት የሚቆምበት ቦታ የተወሰነ ነው። ተጫዋቹ ርቆ ሄዶ ቦታው ከስክሪኑ ሲወጣና ተመልሶ ሲመጣ ጠላቱ እንደገና ይገኛል። ይህ ለጥንቃቄ የጎደለው ተጫዋች ተጨማሪ ችግር ነው፤ ብልህ ተጫዋች ግን ደካማ ጠላት ያለበትን ቦታ እየተመላለሰ ጉልበትና ብሎን ይሰበስብበታል።

ከባድነቱን የሚያቀሉ ነገሮች

በደረጃዎች ውስጥ የሚሰበሰቡት ብሎኖች በዶክተር ላይት ቤት ባለው ሱቅ ውስጥ እንደ ገንዘብ ያገለግላሉ። በሱቁ ከሚሸጡት መካከል ጉልበትን የሚሞላው ኢ-ታንክ፣ ከእሾህ አንድ ጊዜ የሚያድን መከላከያ፣ እንዲሁም ገደል የገባን ተጫዋች ብድግ አድርጎ የሚያወጣው ቢት የተባለው ወፍ ይገኛሉ።

ሱቁ ለጀማሪ የተሰጠ እጅ ነው። ደጋግሞ የሞተ ሰው በመንገዱ ላይ ብሎን ሰብስቧልና ሙከራው ባዶ አይሆንም። ዕቃዎቹ ግን አንዴ ከተጠቀሙባቸው ያልቃሉ፤ ወፉ ከገደል ቢያወጣም ዝላዩን አያስተምርም።

የጦር መሣሪያዎች

ከስምንቱ ቦሶች የሚገኙት መሣሪያዎች የሚከተሉት ናቸው።

• ኮንክሪት ሾት (ከኮንክሪት ማን)፦ የሚወረወር ሲሚንቶ ነው። ግድግዳ ወይም ወለል ላይ ሲያርፍ ደርቆ ለጥቂት ጊዜ መቆሚያ ይሆናል።

• ቶርኔዶ ብሎው (ከቶርኔዶ ማን)፦ በመላው ስክሪን ላይ ነፋስ ያስነሳል። ጠላትን ወደ ላይ ጠርጎ ሲወስድ የሜጋ ማንን ዝላይ ደግሞ ከፍ ያደርጋል። ጉልበት በብዛት ይፈጃል።

• ሌዘር ትራይደንት (ከስፕላሽ ዉማን)፦ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጦር ነው። ጠላትን በስቶ ያልፋል፤ የኮንክሪት ግንብም ያፈርሳል።

• ፕላግ ቦል (ከፕላግ ማን)፦ ወለልና ግድግዳ ተከትሎ የሚሮጥ የኤሌክትሪክ ኳስ ነው። ከጉድጓድ ውስጥ ወይም ከጣሪያ ላይ ያለ ጠላትን ለመምታት ይመቻል።

• ጁዌል ሳተላይት (ከጁዌል ማን)፦ ሜጋ ማንን የሚዞሩ አራት እንቁዎች ናቸው። እንደ ጋሻ ሆነው ደካማ ጠላቶችን ሲነኩ ያጠፋሉ፤ ሲያስፈልግም ይወረወራሉ።

• ሆርኔት ቼዘር (ከሆርኔት ማን)፦ ጠላትን ፈልጎ የሚከታተል የሮቦት ተርብ ነው። ሊደረስባቸው የማይቻሉ ዕቃዎችንም አንስቶ ያመጣል።

• ማግማ ባዙካ (ከማግማ ማን)፦ በአንድ ጊዜ በሦስት አቅጣጫ የሚተኮስ እሳት ነው። ቁልፉን ተጭኖ በመቆየት ሊጠናከር ይችላል።

• ብላክ ሆል ቦምብ (ከጋላክሲ ማን)፦ ከተወረወረ በኋላ ቁልፉ እንደገና ሲጫን ይከፈትና በዙሪያው ያሉትን ጠላቶችና ጥይቶች ይውጣል።

ከዝርዝሩ እንደሚታየው አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከመተኮስ ሌላ ሥራ አላቸው። አንዱ መሰላል ይሆናል፣ ሌላው ጋሻ፣ ሌላው ዕቃ አምጪ። በአንዳንድ የድሮ ክፍሎች ተጫዋቾች አንድ ጠንካራ መሣሪያ ይዘው ሌሎቹን ይረሱ ነበር፤ እዚህ ግን ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሆን ቦታ ተዘጋጅቶለታል።

ይህም ከባድነቱን በቀጥታ ይነካል። በሜጋ ባስተር ብቻ ሲታይ የማይቻል የሚመስል ቦታ በተገቢው መሣሪያ ቀላል ይሆናል። ከፍ ያለ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ሲሚንቶ ለጥፎ ይወጣል። በትንንሽ ጠላቶች የተከበበ ሰው እንቁዎቹን አስነስቶ ያልፋል። ጨዋታው ይህን በጽሑፍ አይናገርም፤ ተጫዋቹ ሞክሮ እንዲያገኘው ይተወዋል።

የቦሶች ውጊያ

የድክመት ዑደት

እያንዳንዱ ሮቦት በአንድ የተወሰነ መሣሪያ በብርቱ ይጎዳል። በሜጋ ባስተር ብዙ ጥይት የሚፈልግ ቦስ በድክመቱ ሲመታ በጥቂት ምት ይወድቃል። የስምንቱ ድክመቶች ተያይዘው አንድ ክብ ይሠራሉ፦

ኮንክሪት ሾት ጋላክሲ ማንን፣ ብላክ ሆል ቦምብ ጁዌል ማንን፣ ጁዌል ሳተላይት ፕላግ ማንን፣ ፕላግ ቦል ቶርኔዶ ማንን፣ ቶርኔዶ ብሎው ማግማ ማንን፣ ማግማ ባዙካ ሆርኔት ማንን፣ ሆርኔት ቼዘር ስፕላሽ ዉማንን፣ ሌዘር ትራይደንት ደግሞ ኮንክሪት ማንን ይጎዳል። በዚህም ክቡ ተመልሶ ከጀመረበት ይገጥማል።

ክብ መሆኑ ሁለት ውጤት አለው። አንደኛ፣ ትክክለኛ የሚባል አንድ መነሻ የለም፤ ከየትኛውም ቦስ ቢጀመር ዙሩን መጨረስ ይቻላል። ሁለተኛ፣ የትም ቢጀመር የመጀመሪያው ቦስ ያለ ድክመት መሣሪያ፣ በሜጋ ባስተር ብቻ መሸነፍ አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ አንድ ውጊያ ላይ የቦሱን እንቅስቃሴ አጥንቶ ማሸነፍ ይጠበቅበታል። ቀሪዎቹን ሰባት ግን ዙሩን ካወቀ ያቀላቸዋል።

አንዳንዶቹ ድክመቶች በማሰብ የሚገመቱ ናቸው። ነፋስ እሳትን ያጠፋል፤ እሳት ተርብን ያቃጥላል። የሌዘር ትራይደንት ጦር በኮንክሪት ማን ደረጃ ውስጥ ያሉትን ግንቦች ማፍረሱም ስለ ቦሱ ድክመት ፍንጭ ይሰጣል። ሌሎቹ ግን ሳይሞከሩ አይታወቁም።

ስምንቱ ሮቦቶች

ኮንክሪት ማን ሲሚንቶ ይተኩሳል፤ የተመታው ሜጋ ማን ለጥቂት ጊዜ ደርቆ ይቆማል። ከፍ ብሎ ዘሎ ሲያርፍም መሬቱ ይናወጣል፤ በዚያን ሰዓት መሬት ላይ የቆመ ሰው መንቀሳቀስ አይችልም። መፍትሔው እርሱ ሊያርፍ ሲል መዝለል ነው።

ጋላክሲ ማን እንደ በራሪ ሳሕን ተጣጥፎ በአየር ላይ ይሄዳል፤ ከዚያም በተጫዋቹ ላይ ይወርዳል። የሚወረውረው ብላክ ሆል ወደ ራሱ ስለሚስብ በተቃራኒው አቅጣጫ መሮጥ ያስፈልጋል።

ጁዌል ማን አራት እንቁዎችን በዙሪያው ካሽከረከረ በኋላ እየተከታተሉ ይወረውራል። ፕላግ ማን የኤሌክትሪክ ኳሶቹን በወለልና በግድግዳ ላይ ይለቃል። ቶርኔዶ ማን በሚያስነሳቸው አውሎ ነፋሶች መካከል ተጫዋቹ ሾልኮ እንዲያልፍ ያስገድዳል። ማግማ ማን በሦስት አቅጣጫ እሳት ይተፋል። ሆርኔት ማን ተርቦቹን ለቆ ያሳድዳል።

ስፕላሽ ዉማን በዋናው ተከታታይ ውስጥ የመጀመሪያዋ የሴት ቅርጽ ያላት ሮቦት ቦስ ናት። ወደ ላይ ዋኝታ ጦሮችን ቁልቁል ትወረውራለች፤ ዘፍናም ዓሦችን ትጠራለች። ዘፈኑ ከዓሦቹ በፊት ስለሚሰማ ለተጫዋቹ ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል።

በሁሉም ውጊያዎች አንድ የጋራ ነገር አለ። ቦሱ ከማጥቃቱ በፊት ምልክት ያሳያል፦ እጁን ያነሳል፣ ይቆማል ወይም ይዘላል። ምልክቱን የለየ ሰው መልሱን ያውቃል። ለዚህ ነው ብዙ ተጫዋቾች የመጀመሪያውን ውጊያ በፍጥነት ተሸንፈው፣ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ያንኑ ቦስ ያለ ብዙ ጉዳት የሚያሸንፉት። የቦሱ ጥንካሬ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተጫዋቹ ዕውቀት ነው።

የዋይሊ ምሽግ

ምሽጉ እስካሁን የተማሩትን አቀላቅሎ የሚፈትን ነው። የቀደሙ ደረጃዎች ወጥመዶች እዚህ ተጣምረው ይመጣሉ። የምሽጉ ቦሶች በዑደቱ ውስጥ ስለሌሉ የትኛው መሣሪያ እንደሚጎዳቸው ተጫዋቹ ራሱ ማግኘት አለበት። ከእነርሱ አንዱ ትዊን ዴቪል ነው። እርሱም በመጀመሪያው ክፍል ከታወቀው የሎው ዴቪል ዘር ሲሆን፣ ሰውነቱ ተቆራርጦ በአየር ላይ እየበረረ ወደ ሌላኛው ወገን ይሻገራል።

በመጨረሻው ደረጃ ስምንቱም ሮቦቶች በአንድ ክፍል ውስጥ እንደገና ይቀርባሉ፤ ተጫዋቹ በመረጠው ቅደም ተከተል ይገጥማቸዋል። እዚህ ላይ የመሣሪያ ጉልበት አጠቃቀም ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። አንዱን መሣሪያ በመንገድ ላይ የጨረሰ ሰው በዚያ የሚሸነፈውን ቦስ በሜጋ ባስተር መግጠም ይገደዳል። ከዚህ በኋላ የዋይሊ ትልቅ ማሽን ይከተላል። ማሽኑ አንዴ ቢፈርስ ውጊያው አያልቅም፤ ቅርጹን እየለወጠ በየተራ ይመጣል።

ተጨማሪ ይዘትና ፈተናዎች

ጨዋታው ተጫዋቹ ሊፈጽማቸው የሚችላቸውን የፈተና ዝርዝር ይዟል። ከእነዚህ በጣም የሚታወቀው ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴም ሳይመቱ መጨረስ ነው።

ለየብቻ በክፍያ የወጡ ተጨማሪዎችም ነበሩ። ሂሮ እና ሱፐር ሂሮ የተባሉት አማራጮች ጠላቶችን ጨምረውና ቦታቸውን ለውጠው ጨዋታውን የበለጠ ያከብዱታል። ኢንድለስ አታክ የተባለው ማለቂያ የሌለው ደረጃ ነው። ፌክ ማን የተባለ ቦስ ያለበት ልዩ ደረጃም ወጥቷል።

ሌላው ተጨማሪ የሜጋ ማን ወንድም በሆነው በፕሮቶ ማን መጫወት ነው። እርሱ መንሸራተትና ጥይት ማጠራቀም ይችላል፤ ሲዘልም ጋሻው ጥይት ይመልስለታል። በምትኩ ሲመታ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ሱቅም መግባት አይችልም። ከሜጋ ማን የተወሰዱት ችሎታዎች እዚህ ቢመለሱም ዋጋ ተጠይቆባቸዋል።

አቀባበልና ክርክር

ጨዋታው ሲወጣ በአብዛኛው ጥሩ አቀባበል አግኝቷል። ሙዚቃው፣ የቁጥጥሩ ጥራትና የመሣሪያዎቹ ጠቃሚነት ተደንቀዋል። ከባድነቱ ግን ሁለት ወገን አስነስቷል።

ደጋፊዎቹ ከባድነቱ ፍትሐዊ ነው ይላሉ። ወጥመዶቹ የተወሰኑ ናቸው፣ ቦሶቹ ምልክት ያሳያሉ፣ ቁጥጥሩም የታመነ ነው፤ ስለዚህ የሞተ ሰው ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አውቆ ይማራል። ተቺዎቹ ደግሞ አንዳንድ ቦታዎች አስቀድሞ ማንም ሊገምታቸው የማይችላቸው ናቸው ይላሉ። ተጫዋቹ በአየር ላይ ሳለ ከታች ብቅ የሚል ጠላት የመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋችን ይገድለዋል፤ በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ችሎታ ሳይሆን ሞቶ ማስታወስ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ጥያቄ ጨዋታው ለማን ነው የሚለው ነው። የድሮውን ተከታታይ በልጅነቱ የተጫወተ ሰው ብዙውን ሕግ ከመጀመሪያው ያውቃል። አዲስ ተጫዋች፣ ጊዜ የሌለው ሰው ወይም እጁ እንደልብ የማይታዘዝለት ሰው ግን ገንዘብ ከፍሎበት ግማሹን ሳያይ ሊያቆም ይችላል። በዋናው ጨዋታ ውስጥ የሚያቀል አማራጭ አልነበረም፤ በኋላ የተጨመሩትም የሚያከብዱ ናቸው።

ይህም ከአርአያው ጋር ሲነጻጸር ልዩነት ያሳያል። ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1989 በሰሜን አሜሪካ ሲወጣ ሁለት የክብደት ምርጫ ነበረው። መደበኛ የተባለው ከጃፓኑ ቅጂ የቀለለ ሲሆን፣ ከባድ የተባለው ከጃፓኑ ጋር እኩል ነበር። ስለዚህ ብዙዎች እንደ ከባድ የሚያስታውሱትን የድሮ ጨዋታ በቀለለው ምርጫ ጨርሰውት ሊሆን ይችላል።

ተከታዮች

ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ሜጋ ማን 10ን በዚሁ የ8-ቢት መልክ አወጣ። በዚህ ክፍል ከመጀመሪያው ቀላል የሚባል ምርጫ ተካቷል፤ በዚህም ምርጫ አደገኛ በሆኑ ቦታዎች ላይ መሸፈኛ ወለሎች ተደርገዋል። ሜጋ ማን 11 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የ8-ቢቱን መልክ ትቶ የተለያዩ የክብደት ደረጃዎችን ይዞ መጣ።

ሜጋ ማን 9 ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰባተኛው፣ ከስምንተኛውና ከአሥረኛው ጋር በሜጋ ማን ሌጋሲ ኮሌክሽን 2 ውስጥ እንደገና ወጥቷል። በዚህ ስብስብ ውስጥ ጉዳትን በግማሽ የሚቀንስ አማራጭ ተጨምሯል። የደረጃዎቹ አቀማመጥ፣ የመሣሪያዎቹ ሥራና የድክመት ዑደቱ ግን እንደነበሩ ናቸው። እሾህም በአማራጩ ቢሆን ይገድላል፤ ብሎኮቹም በዚያው ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ ተጫዋቹ መማር ያለበት ነገር አልቀነሰም፤ የተሰጠው ለመማር የሚበቃ ተጨማሪ ዕድል ነው።